ሰባት መኝታ ቤት በሁለት መኝታ ዋጋ

«ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፦

ለንደን የምኖር የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ፤ ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት። ባለፈው ወር ሄርፎርድሺር ውስጥ፣ ከአንዲት ትንሽ መንደር ዳር ለሽያጭ የቀረበ ቤት ሄደን አየን። ድሮ የመንደሩ ቄስ ይኖሩበት የነበረ ነው። ፊት ለፊቱ በ1780ዎቹ የተሠራ ጡብ፣ ከኋላው ደግሞ ያንን የሚቀድም የእንጨት ቤት። ሰባት መኝታ ቤት፣ ሦስት ኤከር ግቢ፣ ያረጁ የፖም ዛፎች አሉት። የተጠየቀው 850 ሺህ ፓውንድ ነው። በዚህ ገንዘብ እኔ ሥራ አካባቢ የሚገኘው ሁለት መኝታ ፍላት ነው። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም።

ፍላታችንን ሸጠን እዚያው ልንገባ አስበናል፤ ግን ብቻችንን አንችለውም። ወንድም ጋሼ አዲስ አበባ የራሱ ቤት አለው፣ እዚህ ግን በኪራይ ነው የሚኖረው። እሱና ዱባይ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ሊያዋጡ ተስማምተዋል፤ የአራታችንም ስም ሰነዱ ላይ ይግባ ተባብለናል። ሦስቱን ክፍል ለእንግዳ እያከራየን የባንኩን ዕዳ እንገፋለን። በዓል በመጣ ቁጥር ቤተሰቡ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል።

እማዬ ግን ‹የቄስ ቤት፣ ያውም ከመቃብር ጎን! ምን በወጣን› ብላ አኩርፋለች። ባለቤቴ ደግሞ ‹ጃንሆይስ ባዝ ከተማ ቤት ገዝተው የለም ወይ?› ይላል። ኤጀንቱ ሌሎች ፈላጊዎች ስላሉ የመጨረሻ ዋጋችሁን በታሸገ ፖስታ እስከ ዓርብ ቀትር አስገቡ ብሎናል። ጨንቆኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከለንደን»

እህቴ፣ መጀመሪያ ዓርብን ከትከሻሽ ላይ እናውርደው።

በእንግሊዝ ሕግ ፖስታ ውስጥ ያስገባሽው ዋጋ አያስርሽም። ሻጩ «ተቀብያለሁ» ቢልሽ እንኳ አንቺንም እሱንም የሚያስር ነገር የለም። የሚያስረው የሁለታችሁ ሶሊሲተሮች፣ ማለትም ሽያጩን የሚያስፈጽሙት ጠበቆች፣ ውል የሚለዋወጡበት ቀን ነው፤ ያን ዕለት አብዛኛውን ጊዜ የዋጋውን 10 በመቶ፣ በእናንተ ሒሳብ 85 ሺህ ፓውንድ፣ ታስይዛላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ገንዘቡ ቀረ ማለት ነው። በዓርብና በዚያ ቀን መካከል ብዙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት አሉ። ሻጩም በዚያ መሀል የተሻለ ዋጋ ከመጣለት ሊጥላችሁ ይችላል፤ ነውር ነው እንጂ ወንጀል አይደለም። ጨረታ ላይ መዶሻ ተመትቶ የሚሸጥ ቤት ብቻ ነው እዚያው የሚያስረው፤ የእናንተ እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ዓርብ የኤጀንቱ ቀን ነው፤ የአንቺ ቀን ገና ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ባለቤትሽ ሰባት መኝታ ቤት በ850 ሺህ ሲያይ «ርካሽ ነው» አለ። እኔ ደግሞ «ለምን ረከሰ?» እላለሁ። መንደሩ ከለንደን ስለራቀ ነው የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ግማሹ ብቻ ነው።

ይህ ቤት ሲሠራ ብቻውን አልነበረም። የመንደሩ ቄስ ከቤቱ ጋር የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበራቸው፤ እኛ አገር ሰሞን መሬት የምንለውን ዓይነት። በዚያ ላይ ከገበሬው ምርት ዐሥራት ይገባላቸው ነበር። ሰባቱን ክፍል የሚያሞቀው ማገዶ፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሠራተኛ፣ ወጥ ቤቷ፣ ፈረስ ጠባቂው ሁሉ የሚከፈላቸው ከዚያ ነበር። ከዚያ ነገሩ አንድ በአንድ ተቆረጠ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1836 ዐሥራቱ ወደ ጥሬ ገንዘብ ተቀየረ፤ በ1936 ጭራሽ ቀረ። በ1976 የወጣ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ደግሞ መሬቱን ከየደብሩ ወስዶ ለሀገረ ስብከቱ ሰጠ። ቤተ ክርስቲያኒቱም ትልልቆቹን የቄስ ቤቶች እየሸጠች፣ ካህናቷን ለማሞቅ በማያስቸግር ዘመናዊ ቤት ውስጥ አስገባች። ይህን ውሳኔ ልብ በይልኝ። ቤቱን ከሁሉ አስቀድማ የምታውቀው ባለቤቱ፣ ወጪውን አይታ ነው የሸጠችው።

የመኳንንቱ ቤቶች ታሪክም ያው ነው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ እህል በመርከብ ሲገባ የእርሻ ኪራይ ወደቀ፤ በ1894 የውርስ ግብር መጣ፤ በ1949 ለትልልቆቹ ሀብቶች 80 በመቶ ደረሰ። መሬቱን ሸጠው ቤቱን የያዙት ቤቱ በላቸው። ከአንድ ሺህ በላይ ትልልቅ የገጠር ቤቶች በዚያ ክፍለ ዘመን ፈርሰዋል፤ በ1974 ለንደን የሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስለ ፈረሱት ቤቶች ዐውደ ርዕይ እስከ ማዘጋጀት ደርሶ ነበር። ዛሬ የተረፉትን የሚጠብቀው ሕግ ጠንካራ የሆነበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እንግዲህ እናንተ ልትገዙ ያሰባችሁት መሬቱ የተለየውን ቤት ነው። ወጪው ግን አልተለየውም። ቁልፉን ከተቀበላችሁበት ቀን ጀምሮ የቤቱ ገባሮች እናንተ ናችሁ፤ የአንቺ የሌሊት ተረኛ ደሞዝ፣ የእህትሽ የዱባይ ገንዘብ፣ የወንድምሽ ቁጠባ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በብር እንየው፤ የሚያስደነግጠውም እዚህ ላይ ነው።

አንቺና ባለቤትሽ ፍላታችሁን ሸጣችሁ ብቻችሁን ብትገዙት፣ በኤፕሪል 2025 በጀመረው ስሌት ስታምፕ ዲዩቲ የሚባለው የቤት መግዣ ግብር 32,500 ፓውንድ ነው። ታላቅ ወንድምሽ ስሙ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ሁለተኛ ቤት ላለው ገዢ የሚጨመረው 5 በመቶ ቤቱ እንግሊዝ ይሁን አዲስ አበባ አይልም፤ የአዲስ አበባው ቤት ድርሻው 40 ሺህ ፓውንድና ከዚያ በላይ ካወጣ ይቆጠራል። ከገዢዎቹ አንዱ ብቻ እንኳ እንዲህ ከሆነ ጭማሪው የሚሰላው በእሱ መዋጮ ላይ ሳይሆን በጠቅላላው ዋጋ ላይ ነው። ያ 42,500 ነው፤ ድምሩ 75 ሺህ። እህትሽ ደግሞ በእንግሊዝ ነዋሪ ስላልሆነች በእሷ ምክንያት ሌላ 2 በመቶ፣ አሁንም በጠቅላላው ዋጋ ላይ፤ 17 ሺህ። እናም ሰነዱ ላይ አራት ስም ስለተጻፈ ብቻ የግብሩ ሒሳብ ከ32,500 ወደ 92 ሺህ ፓውንድ ይወጣል። በልዩነቱ አንድ የጣሪያ ጥገና ይሠራበት ነበር።

«ስማቸውን እንደብቀው» እንዳትሉ። ከበስተጀርባ በስምምነት ድርሻ የተያዘላቸውም ሰው እንደ ገዢ ይቆጠራል። ንጹሑ መንገድ ሊረዷችሁ ከፈለጉ በስጦታ ወይም በጽሑፍ በተያዘ ብድር መስጠት ነው፤ ያንንም ባንካችሁ ማወቅ አለበት። ይህን ለሶሊሲተራችሁ ሳትነግሪ አንድ እርምጃ እንዳትሄጂ።

ቀጥሎ «ሊስትድ» ስለሚባለው፣ በቅርስነት ተመዝግቦ በሕግ ስለሚጠበቀው ቤት። በደብዳቤሽ አልጠቀስሽውም፤ በ1780ዎቹ የተሠራና መልኩን የያዘ የቄስ ቤት ግን አለመመዝገቡ ይገርመኛል። ሂስቶሪክ ኢንግላንድ የተባለው የቅርስ ጥበቃ ተቋም የሚያስተዳድረውን ብሔራዊ የቅርስ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ማየት ይቻላል፤ ዛሬ ማታ ፈልጊው። ከተመዘገቡት ከአሥሩ ዘጠኙ ደረጃቸው ግሬድ ሁለት ነው። ሰው «ግሬድ ሁለት ማለት የፊቱ ግድግዳ ብቻ ነው» ሲል ትሰሚያለሽ። ውሸት ነው። ውስጡም፣ ደረጃውም፣ በሮቹም፣ በግቢው ውስጥ ከጁላይ 1948 በፊት የተሠራው በረትና አጥርም ጭምር የተጠበቀ ሊሆን ይችላል።

እኛ ቤት ውስጥ ይህ ምን ይመስላል? የአገር ቤት ቴሌቪዥን ለማየት ዲሽ ግድግዳው ላይ ለመስቀል የካውንስሉን፣ የአካባቢውን አስተዳደር፣ ፈቃድ ትጠይቂያለሽ። ከእንጀራው ምጣድ የሚወጣውን እንፋሎት ለማስወጣት ግድግዳውን በስቼ ማራገቢያ ልትከል ካልሽ ፈቃድ። ነጠላ መስታወት ያላቸውን ወደ ላይ የሚከፈቱ መስኮቶች በድርብ መስታወት ልቀይር ካልሽ ፈቃድ፤ መልሱም ብዙ ጊዜ «አይሆንም» ነው፤ ከውስጥ ሁለተኛ መስታወት እንድትደርቢ ይመክሩሻል። ባለቤትሽ በጡብ የተደፈኑትን መስኮቶች አይቶ «እንከፍታቸዋለን» ብሎ ይሆናል። አንዳንዶቹ ከ1696 እስከ 1851 ድረስ በመስኮት ብዛት ይከፈል የነበረውን ግብር ለመሸሽ የተደፈኑ ናቸው። እነሱም የታሪኩ አካል ናቸው፤ ፈቃድ። ማመልከቻው ክፍያ የለውም፤ ሥዕሉን የሚሠራው አርክቴክት ግን በነጻ አይሠራም።

ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው፤ እስከ ሁለት ዓመት እስራትና ጣሪያ የሌለው የገንዘብ ቅጣት አለው። የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን ሌላው ነው። ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ሳያስፈቅድ ግድግዳ አፍርሶ ከሆነ፣ ካውንስሉ «ወደ ነበረበት መልሱ» ብሎ ሊያዝ የሚችለው አሁን ያለውን ባለቤት ነው። ለዚህ ትእዛዝ ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። ስለዚህ ስትጎበኙ በጣም ዘመናዊ የሆነ ወጥ ቤት፣ ሁለት ክፍል አንድ የሆነበት ሰፊ ሳሎን ካያችሁ አትደሰቱ፤ «ፈቃዱን አሳዩን» በሉ። የፕላኒንግ፣ ማለትም የግንባታ ፈቃድ፣ መዝገቡ በካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው።

ባለቤትሽ «ራሳችን ቀስ በቀስ እናድሰዋለን» እንደሚል እገምታለሁ፤ እንዲህ ዓይነት ቤት የወደደ ሁሉ ይላልና። እስከ 2012 ድረስ በተመዘገበ ቤት ላይ በፈቃድ የሚደረግ ለውጥ ከቫት ነጻ ነበር። ያ ተነስቷል፤ አሁን 20 በመቶ ነው። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ባዶውን የቆየ ቤት ከሆነ ብቻ 5 በመቶ ይሆናል፤ ቤቱ መቼ ጀምሮ ሰው እንዳልኖረበት ኤጀንቱን ጠይቂው።

አሁን ወደ ቤቱ ገላ። እንደገና ሂጂ፤ ይህን ጊዜ ግን በዝናብ ቀን፣ ያለ ኤጀንቱ ሻማና ያለ ትኩስ ቡናው ሽታ። ከውጭ ጀምሪ። አሸንዳዎቹ ውኃውን ወደ መሬት ያወርዱታል ወይስ በግድግዳው ላይ ያፈሱታል? በአሸንዳው ስር አረንጓዴ ሽበት ካየሽ ውኃው ለዓመታት እየፈሰሰ ነው። ከዚያ ጎንበስ በይና የግድግዳውን እግር እዪ። የዚያ ዘመን ጡብ የተያያዘው በኖራ ነው፤ የጎንደር ግንቦችን ያቆመው ዓይነት ኖራ። ኖራ እርጥበት ይቀበላል፣ ይመልሳል፤ ግድግዳው ይተነፍሳል። ከ1950ዎቹ ወዲህ የመጣ ግንበኛ «ላጠንክረው» ብሎ በሲሚንቶ ለስኖት ከሆነ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ጡቡ ይፈረፈራል፣ ከውስጥ ያለው እንጨት ይበሰብሳል። ግራጫና ድርቅ ያለ መስመር በጡቦቹ መካከል ካየሽ ሲሚንቶ ነው። ከውስጥ ደግሞ አዲስ ቀለም የተቀባው አንድ ግድግዳ ብቻ ከሆነ፣ ለምን እሱ ብቻ? ምንጣፉን በጥግ በኩል አንሺው። አሽትቺ። ነርስ ነሽ፤ አፍንጫሽ ከእኔ ይበልጣል።

ጣሪያው ውስጥ የሌሊት ወፍ ካለ ደግሞ የእናንተ ብቻ ጣሪያ አይደለም። በ1981ዱ የዱር እንስሳት ሕግ ጥበቃ አላቸው፤ ለጊዜው ወጥተው ቢሄዱ እንኳ ማደሪያቸውን ማፍረስ ክልክል ነው። ጣሪያ ከመነካቱ በፊት ባለሙያ መጥቶ ማየት አለበት፤ እሱም የሚመጣው ለምርመራው በሚመች ወቅት ነው።

ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድም ጠይቂ። መንደር ዳር ያለ ቤት ብዙ ጊዜ ከከተማ ቱቦ ጋር አልተገናኘም፤ ፍሳሹን የሚያጠራቅም ሴፕቲክ ታንክ ግቢው ውስጥ አለው። ታንኩ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ በቀጥታ የሚያፈስ ከሆነ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ክልክል ነው፤ መቀየር ግዴታ ነው። ሻጩ ቀይሮ እንዲሸጥ ወይም ከዋጋው እንዲቀንስ ጠይቁ። ማሞቂያውም የጋዝ ቱቦ ከሌለ በግቢ ውስጥ ያለ የነዳጅ ታንክ ነው። መኪና መጥቶ ይሞላል፤ አብዛኞቹ አቅራቢዎች ከ500 ሊትር በታች አያመጡም። ሰባት መኝታ፣ ነጠላ መስታወት፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፤ በዓመት ብዙ ሺህ ሊትር ቢጠጣ አይግረምሽ። ሻጩን የሁለት ዓመት የነዳጅ ደረሰኝ ጠይቁት። ካልሰጣችሁ ያ ራሱ መልስ ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩም ይፈተሽ፤ ምጣዳችን ብቻውን የአንድ ሶኬት አቅም ጨርሶ ይወስዳል፤ ያረጀ ሽቦ አይችለውም።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልግሽ ባንኩ ለራሱ የሚልከው ገማች አይደለም። ሪክስ የተባለው የሙያ ማኅበር አባል የሆነ፣ «ሌቭል ሦስት» የተባለውን ሙሉ ምርመራ የሚያደርግ፣ ያውም የኖራ ቤት የሚያውቅ ሰርቬየር (የቤት መርማሪ) ፈልጊ። በ1877 የተመሠረተው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር በስልክ ነጻ የቴክኒክ ምክር ይሰጣል፤ ደውይላቸው። ከሁሉ በኋላ ለጥገና ብቻ በዓመት ስንት እንመድብ ካልሽኝ፣ እኔ ብሆን ከ10 ሺህ ፓውንድ በታች አልመድብም፤ ጣሪያው የሚታደስበት ዓመት ሳይቆጠር።

ሦስት ክፍል አከራይቶ ዕዳ መክፈል የሚለውን ዕቅድ አልወደድኩትም። ባንኩ ለመኖሪያ ብሎ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ሰጥቶሽ ሳለ ሳታስፈቅጂው እንግዳ ማረፊያ ብትከፍቺ ውሉን ጥሰሻል። ካውንስሉ የአጠቃቀም ለውጥ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። የእሳት አደጋ ደንቡ በሮችሽን እንድትቀይሪ ያስገድድሻል፤ የቅርስ ሕጉ ደግሞ በሮችሽን እንዳትነኪ። ቤተ ክርስቲያኒቱ የቄስ ቤት ስትሸጥ ብዙ ጊዜ በውሉ ውስጥ «ለንግድ አይውልም» የሚል ዓይነት ገደብ ታስቀራለች፤ ያ ገደብ ከቤቱ ጋር ይተላለፋል። ሶሊሲተርሽ የመሬት መዝገቡን ሲያወጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ይሁን። በዚያ ላይ የሌሊት ተረኛ ነርስ ነሽ፤ ጠዋት ለእንግዳ ቁርስ ማን ሊያቀርብ ነው? የባለቤትሽን መልስ ብሰማ ደስ ይለኛል።

እናትሽን በተመለከተ፣ አታቃልሏቸው። ነውር ነው ያሉት ነውር አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ናት የሸጠችው፤ እንደዚህ ዓይነት ቤት የገዙ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። መቃብሩም ጎረቤት ሆኖ አያስቸግርም፤ እንዲያውም ቤት አይሠራበትም። ግን እሳቸው ሳያውቁት ትክክለኛ ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳርፈዋል። በእንግሊዝ አንዳንድ መሬት ከጥንት ጀምሮ የሰፈሩን ቤተ ክርስቲያን መቅደስ፣ መሠዊያው ያለበትን የምሥራቁን ክፍል፣ የማሳደስ ግዴታ አለበት። ዋሪክሺር ውስጥ አስተን ካንትሎው በምትባል መንደር እርሻ የወረሱ ባልና ሚስት በዚህ ግዴታ ወደ 95 ሺህ ፓውንድ ተጠየቁ፤ ተከራከሩ፤ ጉዳዩ እስከ ላይኛው ምክር ቤት ዳኞች ደርሶ በ2003 ተረቱ። መጨረሻ ላይ ዕዳውና የጠበቃ ወጪው ተደምሮ እርሻውን ለመሸጥ አበቃቸው። ከኦክቶበር 2013 ወዲህ ግዴታው በመሬት መዝገብ ላይ ካልሰፈረ በዋጋ የገዛ አዲስ ባለቤት አይያዝበትም። የቄስ ቤት የነበረ ሁሉ ይህ ዕዳ አለበት ማለትም አይደለም። ፍለጋው ግን ርካሽ ነው፣ ኢንሹራንሱም እንዲሁ፤ በዚህ ቤት ላይ እንዳይዘለል።

እናትሽ አብረው የሚኖሩ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። መንደሪቱ አውቶቡስ በቀን ስንት ጊዜ ይመጣላታል? ሐኪም ቤቱ በመኪና ስንት ደቂቃ ነው? እሳቸው ለቅዳሴ፣ ለማኅበር፣ ለለቅሶ ለንደን ውስጥ በእግራቸው ወይም በባስ ይሄዳሉ። እዚያ ያለ አንቺ መኪና ከበር አይወጡም። ኩርፊያቸው ስለ መቃብሩ ብቻ አይመስለኝም።

ስለ ጃንሆይ ባለቤትሽ ልክ ነው፤ በ1936 በስደት መጥተው ባዝ ውስጥ ፌርፊልድ ሃውስን ገዝተው ኖረዋል። ይሁንና እዚያ ሳሉ የገንዘብ ችግር ነበረባቸው፤ አገራቸው ከገቡ በኋላም በ1958 ቤቱን ለባዝ ከተማ ሰጡት። ንጉሠ ነገሥት እንኳ በስጦታ ነው የተገላገሉት። ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት፤ ቢስቅም ጥሩ፣ ባይስቅም ጥሩ።

የወንድምና እህት ገንዘብ ግን የሚያስቅ አይደለም። ግብሩን ተቀብላችሁ አራታችሁም ስማችሁን ልታስገቡ ከወሰናችሁ (ሕጉ በሰነድ ላይ ከአራት ስም በላይ አይፈቅድም፤ ልክ ሞልታችሁታል)፣ ድርሻ ድርሻችሁ ተለይቶ የተጻፈበት የባለቤትነት ስምምነት በሶሊሲተር ይዘጋጅ። ድርሻ ካልተለየ፣ አንዱ ሲሞት ድርሻው ለልጆቹ ሳይሆን ለቀሩት ባለቤቶች ነው የሚያልፈው። ታላቅ ወንድምሽ ልጆች ካሉት ይህን ለሚስቱ ማን ሊያስረዳ ነው? እህትሽ ነገ ትዳር ብትይዝና ገንዘቧን ብትፈልግ ከየት ይመለሳል? ጣሪያው 60 ሺህ ቢጠይቅ የማይኖሩበት ሁለቱ ያዋጣሉ? «እኛ እንተማመናለን» ትሉ ይሆናል። እመኑ። ግን ይጻፍ።

ፍርዴን ጠይቀሻልና፦ በዚህ አኳኋን፣ አራት ስምና የእንግዳ ማረፊያ ዕቅድ ይዛችሁ፣ አትግዙት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ዓርብ ፖስታ ማስገባት ካማራችሁ ግን አንቺና ባለቤትሽ ብቻ በስማችሁ፣ ከምርመራው ውጤት በኋላ እንደሚታይ ጽፋችሁ፣ ጣሪያውንና ታንኩን የሚሸፍን ቅናሽ ይዛችሁ አስገቡ። ያለ ወንድምና እህት ገንዘብ የማይደረስበት ዋጋ ከሆነ ይቅር። አንድ አማራጭ ደግሞ አለ፤ በአካባቢው ያልተመዘገበ፣ ሦስት ወይም አራት መኝታ ያለው የገበሬ ቤት። አያምርም። ድርብ መስታወት ግን ታስገቢበታለሽ፣ ዲሽሽንም ትሰቅያለሽ።

የምትፈልጉት በዓልን አንድ ላይ ማክበር ከሆነ ደግሞ ቤት መግዛት አያስፈልግም። ከ1965 ጀምሮ የጥንት ሕንፃዎችን እያዳነ ለቀናት የሚያከራይ ላንድማርክ ትረስት የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ፤ 200 ያህል ቤቶች አሉት፤ ናሽናል ትረስትም እንዲሁ ያከራያል። የእኛ ገና የፈረንጆቹ በዓል ካለፈ በኋላ ስለሚውል ኪራዩ ከዲሴምበሩ መጨረሻ ይቀንሳል። ከዚያው አካባቢ አንዱን ተከራዩ፤ ታላቅ ወንድምሽም ይምጣ፣ እናትሽንም ውሰዱ። በጃንዋሪ ሰባት ቀን ሰፊ ቤት ማሞቅ ምን ማለት እንደሆነ፣ ዶሮ ወጥ የሚሠራበት ወጥ ቤት ከመመገቢያው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ልጆቹ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ምን እንደሚሉ እዚያው ታዩታላችሁ።

ለነገ ግን አንድ ኢሜይል ጻፊ፣ ለኤጀንቱ። ቤቱ ግሬዱ ስንት ነው፤ ባለፉት ባለቤቶች ለተደረጉ ለውጦች ሁሉ ፈቃድ አለ ወይ፤ ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል፤ የሁለት ዓመት የነዳጅ ደረሰኝ ይላኩልን፤ በሦስቱ ኤከር ላይ ሕዝብ የሚያልፍበት የእግር መንገድ አለ ወይ። መልሱን በጽሑፍ። ከዓርብ በፊት ካልመለሰልሽ ፖስታውን አታስገቢ።